የሸረሪቷ ዋስ

ጠጋ ጠጋ በሉ። አፍንጫውን የሚጎረጉር ካለ ጣቱን ያውጣና ይስማ፤ እኔ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አላወራም።

ኮምቦልቻ ውስጥ ቆርቆሮው ሰማያዊ የሆነ ቤት ነበር። በቤቱ ውስጥ ውዳላት የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ትኖር ነበር።

ድንበሩ የሚባል ታናሽ ወንድምም ነበራት። ዕድሜው አራት ነው፤ አፉ ግን አርባ።

ሁለቱ የሚተኙት አንድ አልጋ ላይ ነው። እሱ ይራገጣል፣ እሷ ትቆነጥጠዋለች፣ ከዚያ ተቃቅፈው ይተኛሉ።

ከአልጋው በላይ፣ ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ጥግ፣ አንዲት ሸረሪት ነበረች። ስምንት እግር አላት፤ ጫማ ግን አንድም የላትም።

ውዳላት ስም አወጣችላት። «እሜቴ ድር» አለቻት።

እሜቴ ድር ድሯን ዘርግታ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ቢንቢው «ዝዝዝዝዝዝ» እያለ ይመጣል። ከዚያ «ዝዝ...» ጸጥ!

«አየህ፣» ትለዋለች ውዳላት ወንድሟን፣ «አንተን ሊበላ የመጣውን እሷ በላችው።»

ማታ ማታ ሁለቱም በጀርባቸው ተኝተው ወደ ጥጉ ያያሉ። «ደህና እደሪ፣ እሜቴ ድር!» ይላሉ።

እሜቴ ድር አፍ አውጥታ አትመልስም። አንድ እግሯን ነቅነቅ ታደርጋለች፤ ለሸረሪት እሱ ይበቃል።

አንድ ሐሙስ ቀን በሩ «ጓ!» ብሎ ተከፈተ። የእናታቸው አክስት፣ እማማ ደብሪቱ፣ ከባቲ መጡ።

እማማ ደብሪቱ የገቡበት ቤት ውስጥ ወንበሩ እንኳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የማያውቁት ነገር የለም፤ ካላመናችሁ ራሳቸውን ጠይቁ።

ለውዳላት አምባር አምጥተውላታል። ነጭ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ትናንሽ ቃጭሎች አሉት። እጅ ሲወዛወዝ «ቅጭል ቅጭል!» ይላል።

«ብር ነው፣» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ሻጩ ብር ነው ብሎ ምሎልኛል። እኔን የሚያታልል ሻጭ ገና አልተወለደም።»

ውዳላት አምባሩን አጠለቀች። ስትበላ አላወለቀችውም፣ ስትታጠብ አላወለቀችውም፣ ስትተኛም አላወለቀችውም። «ቅጭል ቅጭል!»

ለድንበሩ ግን ምንም አልመጣለትም። እማማ ደብሪቱ ረስተውት አይደለም፤ እሳቸው አይረሱም። ገበያው ተበትኖባቸው ነው።

ድንበሩ አኮረፈ። ሐሙስ አኮረፈ፣ ዓርብም አኮረፈ። ከንፈሩን አሹሎ አሹሎ ዶሮ ሊሰፍርበት ደረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ደብሪቱ በጣታቸው ጠሩት። ግራ ቀኝ አዩና የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ።

«እጅህን ዘርጋ፣» አሉት በሹክሹክታ። ከቋጠሮው ውስጥ የተቆላ ለውዝ ወጣ። አንድ እፍኝ ሙሉ!

«ለማንም እንዳትናገር። ለእናትህም አትናገር፣ ለእህትህም አትናገር።»

ድንበሩ በሩ ጀርባ ተደብቆ በላ። «ቆርጠም ቆርጠም ቆርጠም!» ለውዝ በልቶ አያውቅም ነበር፤ በጣም ጣፈጠው።

በዚያው ጠዋት ውዳላት እጇን ማከክ ጀመረች። «ከር ከር ከር!»

ትንሽ ቆይቶ ድንበሩ ሆዱን ማከክ ጀመረ። «ከር ከር ከር!»

እሷ «ከር ከር»፣ እሱ «ከር ከር»። ቤቱ አይጥ የገባበት ጎተራ መሰለ።

እናታቸው አስካለ ከጓሮ እየሮጠች ገባች። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ከር ከር?»

የውዳላትን አምባር አወለቀችና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። እጇን ወደ ብርሃን ወስዳ አየችው። የእጇ አንጓ ቀልቷል፣ ሻክሯል፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ አውጥቷል።

የድንበሩን ሸሚዝ ገለበችው። ሆዱ ላይ ቀያይ እብጠቶች ተነስተዋል። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፤ ትናንሽ አምባሻ የተጋገረበት ይመስላል።

«ውይ ልጆቼን! ምን ነካብኝ?» አለች አስካለ።

እማማ ደብሪቱ መጥተው አንድ ጊዜ አዩ። ሁለተኛ አላዩም፤ ለእሳቸው አንድ ጊዜ ይበቃል።

ከዚያ ቀና አሉ። ጥጉን አዩ። እሜቴ ድርን አዩ።

«ይኸውላችሁ ጉዱ!» አሉ። «ሸረሪት ሸንታባቸዋለች!»

የድሮ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ቆዳ ከቀላ ሸረሪት ናት። አንዲት ፍሬ የምታህል ሸረሪት ያን ሁሉ ሽንት ከየት ታመጣዋለች ብሎ የጠየቀ የለም።

እማማ ደብሪቱ መጥረጊያ አነሱ። «ድሯንም እሷንም በአንድ ምት!»

ውዳላት አልጋው ላይ ዘላ ወጣች። እጆቿን ዘረጋች። «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች።

«በሕግ አምላክ» ከተባለ ሰው ይቆማል። እጁን ያነሳ እጁን እንዳነሳ ይቆማል፤ እግሩን ያነሳ በአንድ እግሩ ይቆማል። የአገር ደንብ ነው።

እማማ ደብሪቱም ደንብ አዋቂ ናቸውና ቀጥ ብለው ቆሙ። መጥረጊያው አየር ላይ ቀረ።

«አንቺ ፍልፈል፣» አሉ፣ «ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎት፣» አለች ውዳላት። «አምና አውራ ዶሮው ሲያባርረኝ፣ በሕግ አምላክ በይው ብለውኝ ነበር።»

«ዶሮው ቆመ?» አለ ድንበሩ።

«አልቆመም። ዶሮ ደንብ አያውቅም።»

አስካለ ልጇን አየች፣ አክስቷን አየች። በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «እንግዲያው በሕግ ይታይ፣» አለች። ዳኛ ሆነች።

«ከሳሽ ማን ነው?»

«እኔ ደብሪቱ!»

«ተከሳሽስ?»

ሁሉም ቀና ብለው ወደ ጥጉ አዩ። እሜቴ ድር አንድ እግሯን ነቅነቅ አደረገች።

«ተከሳሿ ዋስ አላት?»

ዋስ ማለት፣ «እኔ አምነዋለሁ፤ ቢያጠፋ እኔን ጠይቁኝ» ብሎ ለሰው የሚቆም ሰው ነው። ለሸረሪት ዋስ የሆነ ግን እስከዚያ ቀን ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም።

«ዋሷ እኔ ነኝ!» አለች ውዳላት።

«እኔም!» አለ ድንበሩ። «ከር ከር ከር!»

«መልካም፣» አለች ዳኛዋ። «እስከ ነገ ጠዋት ማንም አይነካትም። ጥፋተኛ ከሆነች ግን ፀሐይ ስትወጣ ድሯ ይጠረጋል።»

ውዳላት ወደ ጥጉ አየች። እሜቴ ድር በዓለም ላይ ያላት ቤት ያቺ ጥግ ብቻ ናት።

«እኔ ደግሞ እጠብቃታለሁ!» አሉ እማማ ደብሪቱ። መጥረጊያቸውን ታቅፈው አልጋው ፊት ለፊት ተቀመጡ። «ዓይኔን ከእሷ ላይ ከነቀልኩ ደብሪቱ አትበሉኝ።»

«እስከዚያው ፌጦ ወቅጬ ልለቅልቃቸው፣» አሉ ደግሞ።

ፌጦ ቆዳ ያቃጥላል። ድንበሩ አልጋው ሥር ገባ። «ድንበሩ የለም!» አለ ከአልጋው ሥር።

«ኳ! ኳ! ኳ!» በሩ ተንኳኳ። ሲስተር ከድጃ ናት፤ ጎረቤታቸው ናት፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። አስካለ በስልክ ጠርታት ነው።

«እማማ፣ ፌጦውን ያስቀምጡት፣» አለች ሲስተር ከድጃ። «በተቆጣ ቆዳ ላይ ፌጦ፣ በእሳት ላይ ላምባ ነው።»

እማማ ደብሪቱ «ህም!» አሉ። ዓይናቸውን ግን ከሸረሪቷ አልነቀሉም።

«የሌለው ልጅ ይውጣ፣» አለች ሲስተር። ድንበሩ ወጣ።

«ምላስ!» ድንበሩ ምላሱን አወጣ። «ተንፍስ!» ድንበሩ «እፉፉፉፉ!» ብሎ ተነፈሰ።

«አልሐምዱሊላህ፣» አለች። «ከንፈሩ አላበጠም፣ ትንፋሹም ደህና ነው።»

ወደ አስካለ ዞራ ግን ኮስተር አለች። «ከንፈሩ ወይ ምላሱ ካበጠ፣ ወይ ትንፋሽ ካጠረው፣ ይዘሽው ወደ ሐኪም ትሮጫለሽ። ነገን አትጠብቂም፤ ያኔውኑ።»

«እሮጣለሁ፣» አለች አስካለ።

«ዛሬ ምን በላችሁ?» ብላ ልጆቹን ጠየቀቻቸው።

«ዳቦ በሻይ፣» አለች ውዳላት።

ድንበሩ ከንፈሩን ጥብቅ አደረገ። እማማ ደብሪቱን አየ። እማማ ደብሪቱ ጣሪያውን አዩ።

«ሸረሪት ናት አልኳችሁ፣» አሉ ጣሪያውን እያዩ።

ሲስተር ከድጃ ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣች። «እኔንም አትመኑኝ፣ እማማንም አትመኗቸው፣» አለች። «እስክሪብቶው ይመስክር።»

የውዳላት እጅ ላይ፣ ቅላቱ ያለቀበትን ጠርዝ ተከትላ መስመር ሠራች። ከላይም ከታችም።

የድንበሩ ሆድ ላይ፣ በየእብጠቱ ዙሪያ ክብ ሠራች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት!

«ኮረኮረሽኝ! ሂ ሂ ሂ!»

«ስሙ፣» አለች ሲስተር። «ሁለታችሁም ቀልታችኋል፤ ሁለታችሁንም ያሳክካችኋል። ግን አንድ ነገር ላይሆን ይችላል።»

«አንዱ ሽፍታ ተቀማጭ ነው። መጥቶ ቁጭ ይላል፤ ቀናት ይቆያል። ይሻክራል፣ ይደርቃል፣ ይላላጣል። ችፌ ይባላል።»

«ሌላው ሽፍታ ዘዋሪ ነው። ያብጥና ይጠፋል፤ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። እዚህ ሲሉት እዚያ ነው።»

«ሽፍታ?» አለ ድንበሩ። «ጠመንጃ አለው?»

«ጠመንጃ የለውም። ጥፍር ያለህ ግን አንተ ነህ፤ ና ልቁረጥልህ።» «ቅጭ! ቅጭ! ቅጭ!»

«ሲያሳክካችሁ አትከኩ። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጉበት፤ በመዳፋችሁ ቸብ ቸብ አድርጉት። ማታ ደግሞ መስመሩን እዩና ጠይቁ፦ አለ ወይስ ሄደ?»

«አለ ወይስ ሄደ?» አሉ ልጆቹ።

ሲስተር ከድጃ ሄደች። ቀኑ ግን አልሄድ አለ፤ የሚያሳክከው ሰው ቀን ረጅም ነው።

«ከር...» ሲል ድንበሩ፣ «አትከክ!» ትላለች ውዳላት። «ቸብ ቸብ ቸብ!»

«ከር...» ስትል ውዳላት፣ «አትከኪ!» ይላል ድንበሩ። «ቸብ ቸብ ቸብ!»

አስካለ ጨርቁን በቀዝቃዛ ውኃ እየነከረች አመላለሰች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

እማማ ደብሪቱ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ምሳቸውን ወደ ላይ እያዩ በሉ፤ ወጡ አገጫቸው ላይ ቀረ።

ሽንት ቤት መሄድ ፈለጉ፤ ታገሱ። ሰው በሽንት ከሶ ራሱ ወደ ሽንት ሲሮጥ አያምርም።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል አስካለ ልጆቹን ጠራቻቸው። ውዳላት እጇን አቀረበች።

«አለ ወይስ ሄደ?»

«አለ!» ቅላቱ መስመሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ወደፊትም አልሄደ፣ ወደኋላም አልሄደ።

ድንበሩ ሸሚዙን እስከ አገጩ ሰበሰበ። «አለ ወይስ ሄደ?»

አንደኛው ክብ ባዶ! ሁለተኛው ባዶ! ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ!

«ሄደ!» ብሎ ድንበሩ ዘለለ። «ሄደ! ሄደ! ሄ...» ከዚያ ቆመ። «ከር ከር ከር!» ጭኑን አከከ።

ሱሪውን ዝቅ አደረጉት። ጭኑ ላይ ሦስት አዳዲስ አምባሻዎች ተጋግረዋል። ውዳላት እስክሪብቶ አምጥታ ክብ ክብ አደረገችባቸው።

እማማ ደብሪቱ ተስፈንጥረው ተነሱ። «አላልኳችሁም? ደግማ ሸናችበት!»

ውዳላት አሰበች። ቅንድቧን ቋጥራ አሰበች።

«እማማ ደብሪቱ፣» አለች፣ «ከጠዋት ጀምሮ ዓይንዎን ከእሷ ላይ ነቅለዋል?»

«እኔ? እኔ ደብሪቱ? አንድ ጊዜም!»

«ታዲያ እሜቴ ድር ከጥጓ ወርዳለች?»

እማማ ደብሪቱ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉ። እንደገና ከፈቱ።

«አልወረደችም፣» አሉ። ቃሉ እንደ ዓሣ እሾህ እያነቀ ነው የወጣው።

«ድንበሩ ላይስ ወጥታበታለች?»

«አልወረደችም አልኩ እኮ!»

«ሱሪም ለብሼ ነበር!» አለ ድንበሩ።

ዳኛዋ ሳቋን ዋጠች። «ምስክርነቱ ተሰምቷል፣» አለች።

«ይሰማ!» አሉ እማማ ደብሪቱ። «እሷ ካልሆነች ግን ማን ነው? ቆዳ ያለ ነገር አይቀላም። ሌላ ጥፋተኛ አምጡልኝ፤ አለዚያ ነገ መጥረጊያዬን አነሳለሁ!»



ልጆቹ አልጋቸው ላይ ወጡ። «ደህና እደሪ፣ እሜቴ ድር፣» አለች ውዳላት። ቀስ ብላ አለች፤ የመጨረሻዋ እንዳይሆን ፈርታ።

ድንበሩ ግን ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ሳበ። ሆዱ ውስጥ የነበረው ለውዝ ካለቀ ቆይቷል፤ ምስጢሩ ግን እንደ ጠጠር ቁጭ ብሏል።

ነጋ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገባችና የመጥረጊያውን እጀታ አበራችው።

«ኳ! ኳ! ኳ!» ሲስተር ከድጃ መጣች። ዳኛዋ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ከሳሿ መጥረጊያቸውን ያዙ።

«ድንበሩ፣ አለ ወይስ ሄደ?»

ሆዱ ላይ ያሉት ክቦች ባዶ ናቸው። ጭኑ ላይ ያሉትም ባዶ ናቸው። ልጁ የታጠበ ሳህን መስሏል። «ሄደ!»

«ውዳላት፣ አለ ወይስ ሄደ?»

«አለ።» እዚያው ነው። መስመሩ ውስጥ ሻክሮ፣ ቀልቶ፣ ተዘርግቶ ተቀምጧል።

«ችሎቱ ይስማ፣» አለች ሲስተር ከድጃ። «የድንበሩ ዘዋሪ ነው። የውዳላት ተቀማጭ ነው። ይህን ዓይነቱን ተቀማጭ የሚያመጣው ቆዳን የነካ ነገር ነው። ዘዋሪውን ብዙ ጊዜ የሚጠራው የተበላ ነገር ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ማን እንደጠራው ሳይታወቅ ይቀራል።»

«እንግዲህ የውዳላትን እጅ ምን ነካው?»

ውዳላት እጇን ገለበጠች። ቅላቱ ከላይ አለ፣ ከታችም አለ፤ አንጓዋን ዞሮ ይገጥማል። ይህን ቅርጽ የት ነው ያየችው?

በርጩማውን ከእናቷ ሥር ልትወስድ ስትል ዳኛዋ ራሷ ተነሳችላት። ውዳላት ወጣችበት፣ ወደ መደርደሪያው ተንጠራራች፣ አምባሩን አወረደች። «ቅጭል!»

አምባሩን ከመስመሩ በላይ ያዘችው። ልክክ!

«አምባሬ ነው!» አለች። «እሜቴ ድር አይደለችም! አምባሬ ነው!»

«ብር ሰው አያሳክክም!» አሉ እማማ ደብሪቱ።

ሲስተር ከድጃ አምባሩን ገልብጣ ሰጠቻቸው። «እማማ፣ ውስጡን ይዩት እስቲ።»

እማማ ደብሪቱ አዩ። ይሄኛውን ሁለት ጊዜ አዩት። ነጩ ቅብ ተላልጦ ሥሩ ሌላ ብረት ነው።

«እንዲህ ያለውን ብረት የአንዳንድ ሰው ቆዳ አይወደውም፣» አለች ሲስተር። «ይቆጣል።»

«ያ ሻጭ!» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ባቲ ልመለስ ብቻ! እሱን ነው በመጥረጊያ!»

«አንዱ ተገኘ፣» አለች ዳኛዋ። «የድንበሩን ማን ጠራው?»

እማማ ደብሪቱ መጥረጊያውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

ድንበሩ መጥረጊያውን አየ። እሜቴ ድርን አየ። አልጋው ላይ ዘሎ ወጣና እጆቹን ዘረጋ።

«በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። «እሷ አይደለችም! ለውዝ ነው! ለውዝ በልቻለሁ!»

«ለውዝ? ማን ሰጠህ?» አለች እናቱ።

«አልናገርም!» አለ ድንበሩ። «እማማ ደብሪቱ ለማንም እንዳትናገር ብለውኛል!»

ቢንቢ እንኳ አልጮኸም።

ሲስተር ከድጃ በሻሽዋ አፏን ሸፈነች። አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

«ይሄ ልጅ፣» አሉ እማማ ደብሪቱ፣ «ምስጢር የሚያፈስ ወንፊት ነው።»

«አምባሩንም ያመጡት እማማ፣ ለውዙንም ያመጡት እማማ!» አለች ውዳላት። «ጥፋተኛዋ ከሳሿ ራሳቸው ናቸው!»

ያኔ አስካለ መቻል አቃታት። «ኪ ኪ ኪ ኪ!» ሲስተርም «ኪ ኪ ኪ!» ልጆቹም «ኪ ኪ ኪ!»

ዳኛዋ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች። «ተከሳሿ ነፃ ናት!»

«እልልልልልል!» ውዳላት አልጋው ላይ ዘለለች። ከትከሻዋ ሸክም የወረደላት ያህል ቀለል አላት፤ አየር እስከ እግሯ ጥፍር ገባ።

ድንበሩም «እፎይ!» አለ። ጠጠሩ ከሆዱ ወጥቶለታል።

«ይህ ሽፍታ ከአንዱ ወደ ሌላው አይጋባም፣» አለች ሲስተር። «ተቃቀፉ፣ አንድ አልጋ ላይ ተኙ፤ ችግር የለም።»

«የውዳላት ቀስ ብሎ ይሻራል። አምባሩ አይመለስም፤ ቆዳው እንዳይደርቅ ቅባት ቀቢያት። ድንበሩ ደግሞ ሐኪም ሳያየው ለውዝ አይነካም። አንዲት ፍሬም ቢሆን!»

«የምስጢር ምግብ ደግሞ የለም፣» አለች አስካለ። «ልጄ የበላውን እኔ ማወቅ አለብኝ። እትዬ ደብሪቱ፣ ሰምተዋል?»

«ደንቆሮ አይደለሁም፣» አሉ እማማ ደብሪቱ። ድምፃቸው ግን ትንሽ ነበረች። ሄደው ድንበሩን ከንፈሩን አዩት፣ ሆዱን አዩት፣ ግንባሩን ሳሙት። «አንተን ክፉ ነገር ነክቶህ ቢሆን ኖሮ እኔ ምን ይውጠኝ ነበር፣ የኔ ጌታ?»

«ደህና ነኝ እኮ፣» አለ ድንበሩ። «አለቀሱ እንዴ?»

«እኔ? ፌጦው ነው ዓይኔ የገባው!»

«አንድ ነገር ይቀራል፣» አለች ውዳላት። «ያለ ጥፋቷ የተከሰሰችስ?»

ሁሉም ወደ ጥጉ አዩ። ከዚያ ሁሉም ወደ እማማ ደብሪቱ አዩ።

እማማ ደብሪቱ መጥረጊያውን በሩ ጀርባ አቆሙት። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስሚ፣ አንቺ ሸረሪት፣» አሉ። «እኔ ደብሪቱ በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ሁለቱም በዚህ ሳምንት ነው። ይቅር ለእግዜር በይኝ።»

እሜቴ ድር አንድ እግሯን ነቅነቅ አደረገች።

«ይቅር ብላለች!» አለ ድንበሩ።

«ትበል እንጂ!» አሉ እማማ ደብሪቱ። «እኔን የመሰለ ሰው ለምኗት!»

ከሰዓት በኋላ እማማ ደብሪቱ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ቀይና ቢጫ የጥጥ ክር እየገመዱ አምባር ሠሩ። ለስላሳ ነው፣ ብረት የለውም።

«እጅሽ ሲሻር ታደርጊዋለሽ፣» አሏት ውዳላትን። «የዚህኛው ሻጭ እኔ ነኝ፤ እኔ አላታልልም።»

ለድንበሩ ሙዝ ገዙለት። «ይሄን በአደባባይ ብላ!» አሉት። ድንበሩ እናቱ ፊት ቆሞ በላ። «ለሁሉም ልናገር?» አለ አፉ ሞልቶ። «ለአገር ተናገር!» አሉት።

በማግስቱ ቤቱ ሲጠረግ መጥረጊያው ጥግ ጥጉን ሁሉ አዳረሰ። ያቺ ጥግ ጋ ሲደርስ ግን እንደ ጨዋ ሰው ዞሮ አለፈ።

የውዳላት እጅ ሰኞ ቀላ ያለ ነበር። ማክሰኞ ተላላጠ። እየለዘበ፣ እየለዘበ ሄደና ሌላ ሰኞ ሲመጣ ከመስመሩ ውስጥ ምንም አልቀረም።

«አለ ወይስ ሄደ?» አለ ድንበሩ።

«ሄደ!» አለች ውዳላት። የክሩን አምባር አጠለቀች። ቅጭል ቅጭል አይልም፤ ዝም ነው የሚለው። ዝም ማለቱን ወደደችው።

ያን ማታ ድንበሩ ተራገጠ፣ ውዳላት ቆነጠጠችው፣ ከዚያ ተቃቀፉ። «ደህና እደሪ፣ እሜቴ ድር!»

ነቅነቅ።

ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እማማ ደብሪቱ ብርድ ልብሱን ሊያስተካክሉ ገቡ፤ ነገ ወደ ባቲ ይመለሳሉ።

ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፤ ማንም አልነቃም። ቀና አሉና በሹክሹክታ እንዲህ አሉ፦

«ደህና እደሪ፣ እሜቴ። ልጆቼን ጠብቂልኝ።»

ማንም ካልሰማ አንቺ እንዴት ሰማሽ ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ ልጅ ሁሉን አይጠይቅም!

ይልቅ ጥፍራችሁን ወደ ብርድ ልብሱ ክተቱ፣ ጨፍኑ። ጨዋታው ሄደ፤ እንቅልፉ አለ።